የጉም ገብስ

ሞላሌ፣ ከአባቴ ቤት፣ ከመካከል ምሰሶው ላይ፣
አንድ እርካብ ተንጠልጥሏል፣ በጥቀርሻ ጠቁሮ የሚታይ።
ጠባብ ነው፤ የቀለበት ያህል፤ ጫማ አያስገባም፣
ከአውራ ጣት በቀር ለሌላው እግር አይስማማም።

በልጅነቴ፣ ትምህርት ቤት፣ ሰው በዘሩ ሲኩራራ፣
«እኛስ የፈረሰኛ ዘር» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ሳወራ፣
ቅድመ አያቴን ሸዋቀናን በደብተሬ ጀርባ ስስል፣
ፈረሱ ሰማይ ሲረግጥ፣ ጎራዴው ደመና ሲከፍል፣
አጎቴ አሰግደው አየ። ሳቀ። እርሳሴን ተቀበለኝ፣
ፈረሱን በላጲስ አጠፋው። «አሁን ልክ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

በመስቀል ማግስት ታዘዘ፣ የጠረፍ ኬላ ሊጠብቅ፣
አምባላይ ፈረሱን ጭኖ፣ ስንቁን ቋጥሮ ሊርቅ።
የፈረሱ ስም ጉም ነበር፤ እሱም «አባ ጉም» ተብሎ ገነነ፣
ሸዋቀና የሚለው ስም የእናቱ ብቻ ሆነ።

ጣርማ በር ላይ ሲደርሱ ጉም ከጉም ውስጥ ገባና፣
ነጭ በነጭ ተሰወረ፤ ቀረ የኮቴው ዳና።
ከዚያ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ዥው ያለው የይፋት ገደል፣
ፈረስ በቂጡ ሲንሸራተት፣ ሰው ከፊት ሆኖ ሲያባብል፤
ብርዱ ትከሻ ላይ ቀረ፣ ሙቀት ከእግር ወደ ላይ ወጣ፣
የማሽላ አገር መጣ፣ የግመል ቃጭል መጣ።

ደጋ ገብስ ያሳደገው፣ ውርጭ ያጠነከረው ፈረስ፣
በሦስተኛው ሳምንት ጀመረ በአፍንጫው አረፋ ሊያፈስ።
«የመንዝ ፈረስ እዚህ አይከርምም» አለው አንድ ነጋዴ፣
አሞሌ እየቆጠረ፣ «ነግሬህ ነው፣ ወንድሜ»።

በጥቅምት ጉም ሞተ።

ጥይት አልተተኮሰም። ጠላት የሚባል አልመጣም።
ጅቦች ሌሊቱን ተጣሉ፤ ሸዋቀና ግን አልወጣም፤
ኮርቻውን ተንተርሶ፣ ጆሮውን በጋቢ ሸፍኖ፣
ፈረሰኛ ሆኖ ተኝቶ፣ ነጋበት እግረኛ ሆኖ።

እንግዲህ የኬላው ጸሐፊ፣ አለቃ ወልደ ሰማዕት፣
መዝገቡን ገለጠና ብዕሩን ይዞ አሰበበት።
«ፈረሱ ሞቷል ብዬ ብጽፍ ድርጎህ ከግማሽ ይጎድላል፤
ዝም ብዬ ብተወውስ፣ ማን ከደጋ ወርዶ ያያል?»
ብዕሩን ጠረገ። መዝገቡን ከደነ።
ጉም በወረቀት ላይ፣ ቆላ ለምዶ፣ ዳነ።

በየወሩ ሁለት ቁና ገብስ ይሰፈርለት ነበር፣
«ለአባ ጉም ፈረስ» ተብሎ፤ ጌታው ቆልቶ ቆርጥሞ ሲያድር።
ዘጠኝ ዓመት። ዘጠኝ ዓመት የፈረሱን ቆሎ በላ፣
በእግሩ ጠረፍ ዞረ፣ ከምንጭ ምንጭ፣ ከኬላ ኬላ፣
ከግመለኞች ተላመደ፣ ቋንቋ ለቀመ፣ ወተት ጠጣ፣
ጠላት ጠብቅ ተብሎ ወርዶ፣ ወዳጅ አበጅቶ ወጣ።

ሲመለስ ያንን ገደል ኮርቻ ተሸክሞ ወጣው፣
እርካቡ ከጎኑ ሲጋጭ፣ ቃጭል መስሎ እያጀበው።
ገበያ ቀን ነበር። ሰው ቆሞ አየው፤ ዝም አለ፤
አንዱ ብቻ፣ «አባ ጉም፣ ማን ማንን ጫነ?» አለ።
ሳቁ። እሱም ሳቀ። መሬቱን ግን ተመራ፣
ለፈረሰኛ የሚሰጠውን፣ ድንጋይ የበዛበት ተራራ።

ከዚያ ወዲህ ፈረስ አልገዛም። «አባ ጉም!» ሲሉት አቤት ይላል።
ገብስ በደረሰ ቁጥር ግን፣ ከማሳው ዳር አንዲት ትልም
ሳያጭድ ይተዋል።
«ለማን ነው?» ሲሉት፣
«ዕዳ ነው» ይላል።

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ሄጄ፣ ሰው ሲተኛ ጠብቄ፣
እርካቡን አወረድኩት፤ ካልሲዬንም አውልቄ
አውራ ጣቴን ሞከርኩ። ጫማ ያጣመመው ጣት ደጅ ቀረ።
ብረቱ ይቀዘቅዛል። ውጭ ጉም ወርዶ ነበረ።

ሲነጋ ማሳውን አየሁ፤ ሁሉም ታጭዷል፣ ተከምሯል።
አንዲት ትልም ቆማለች። አጎቴ ማጭዱን ሰቅሏል።
እሱም አልነገረኝ፤
እኔም አልጠየቅሁትም።